በአዲስ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ላይ ተጨማሪ ዕቃዎችን ስለ መምረጥና ስለ መግጠም

ጀማሪ ቀዛፊ፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ ከላይ ተቀምጠው የሚቀዝፉት ዓይነት፣ ከፖሊኢቲሊን የተሠራና 3.6 ሜትር የሚረዝም የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ገዝቻለሁ። ከፋብሪካ ሲመጣ ከመቀመጫው በስተኋላ በቀፎው ውስጥ የተቀበሩ ሁለት የማጥመጃ ዘንግ መያዣዎች፣ ከመቀመጫው ፊት በግራና በቀኝ የተገጠሙ አጫጭር የአሉሚኒየም ሬይሎች፣ በኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ላይ ደግሞ የሚለጠጥ ገመድ አለው፤ ከዚህ ሌላ የተጨመረበት ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ የምቀዝፈው በሐይቅ ላይ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ወደሚፈስ ወንዝም አወርደዋለሁ።

ልጨምርበት የማስበው ከፊት ለፊት የሚሆን የዘንግ መያዣ፣ አነስተኛ ሶናር (በድምፅ ጥልቀትንና ዓሣን የሚያሳይ መሣሪያ) ከነባትሪው፣ የመቅዘፊያ ማሳረፊያ፣ እንዲሁም መልሕቅ ከነማንሸራተቻ ገመዱ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ቀፎውን መብሳቱ ነው። የውስጡን ክፍል በክዳኖቹ በኩል ስመረምረው እጄ የሚደርሰው ከግማሽ ባነሰው ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የትኛው ዕቃ በእርግጥ እንደሚያስፈልግና የትኛው ሊቆይ እንደሚችል፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ላይ ዕቃ የሚታሰረው በምን ዓይነት ማያያዣ እንደሆነ፣ የሶናሩንም ትራንስዱሰር (ድምፁን የሚልከውንና የሚቀበለውን ክፍል) በቀፎው ውስጥ ከማጣበቅና ከውጭ ከማንጠልጠል የትኛው እንደሚሻል ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የማለዳ አጥማጅ፦

እንኳን ደስ ያለዎት። የእኔ ምክር መሰርሰሪያውን ለጊዜው አስቀምጠው ጀልባውን ባለበት ሁኔታ ጥቂት ጊዜ ውሃ ላይ እንዲያወጡት ነው። ዕቃው በመደብር ሲታይ ሁሉም አስፈላጊ ይመስላል፤ ውሃ ላይ ሆነው ሲያጠምዱ ግን እጅዎ ደጋግሞ የሚፈልገው የትኛው እንደሆነና የት ቢቀመጥ እንደሚመችዎ በራሱ ይገለጥልዎታል።

ቦታ ለመምረጥ የሚረዳዎ ሥራ ግን በደረቅ መሬት ላይ የሚሠራ ነው። ጀልባውን ለስላሳ ነገር ላይ አሳርፈው፣ የሕይወት አድን ጃኬትዎን እንደ ለበሱ በመቀመጫው ይቀመጡና በሁለቱም በኩል ቸኩሎ እንደሚቀዝፍ ሰው መቅዘፊያውን ያንቀሳቅሱ። እጅዎና የመቅዘፊያው ዘንግ የሚያልፉበትን ክልል በወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ በዚያ ክልል ውስጥ የሚቆም ማንኛውም ዕቃ ዛሬ ባይሆን ነገ ጣትዎን ይመታል። ቀጥለው ሊገጥሙ ያሰቡትን ዕቃ በፕላስተር ብቻ አጣብቀው ሳይንጠራሩና ወገብዎን ሳያዞሩ የሚደርሱበት መሆኑን ይፈትሹ። ከጎኖቹም አንዱን፣ ከመቀመጫው አጠገብ ያለውን ክፍል፣ ፈጽሞ ባዶ አድርገው ይተዉት። ጀልባው ቢገለበጥ ተመልሰው የሚወጡት በሆድዎ ተስበው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ የዘንግ መያዣ ወይም ወጣ ያለ ብሎን ጃኬትዎን ይዞ ሊያስቀርዎት ይችላል። ይህን ጉዳይ ከመግጠማቸው በፊት የሚያስቡት ሰዎች ጥቂቶች መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከፋብሪካው የመጡት ሬይሎች ትልቅ ጥቅም አላቸው። የቲ ቅርጽ ያለው ራስ ያለበት ብሎን ወደ ሬይሉ ገብቶ በላዩ ባለው መያዣ ስለሚጠብቅ፣ የፊቱን የዘንግ መያዣ በአንዱ፣ የሶናሩን ማሳያ መስታወት በሌላው ላይ ያለ አንድም ቀዳዳ ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ቦታው ካልተስማማዎትም አላልተው ያንሸራትቱታል። ራም የተባለው አምራች ባለ ኳስ መያዣም ሆነ ስኮቲ የተባለው አምራች የዘንግ መያዣ ለሬይል የሚሆን መሠረት ስላለው የፈለጉትን መምረጥ ይችላሉ። ስለ መቅዘፊያ ማሳረፊያው ብዙም አይጨነቁ፤ በጎን በኩል ከሚለጠጥ ገመድ የሚሠራ ቀለበት ይበቃል።

ክብደቱንም አይርሱ። አምራቹ የሚጽፈው የመሸከም አቅም የእርስዎን ክብደት ጭምር የያዘ ሲሆን፣ ጀልባው በደንብ እንዲንሳፈፍና እንዲታዘዝ ከዚያ ከሁለት ሦስተኛው ባይበልጥ ይመረጣል።

ብሎንና ዳዶ፦

የቀደሙት አስተያየት ሰጪ ስለ ቦታ አመራረጥ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ መግጠሙ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ፖሊኢቲሊን ማጣበቂያ የማይቀበል ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ስለዚህ የትኛውም ሙጫ ዕቃውን ይሸከምልኛል ብለው አያስቡ፤ ሸክሙን የሚይዘው ብሎኑ ነው፣ ማሸጊያው ደግሞ በዕቃውና በቀፎው መካከል ተጨፍልቆ ውሃ ከመከልከል ያለፈ ሥራ የለውም። ለዚህ ተግባር እኔ የምመርጠው የቡቲል ማሸጊያ ጥቅልል ወይም ስስ የላስቲክ ጓርኒሲዮን ነው። ተራ ሲሊከን ከዚህ ፕላስቲክ ጋር ስለማይዋሐድ ውሎ አድሮ ይላቀቃል፤ የሚተወው ቅባት መሰል ሽፋንም ኋላ ሌላ ማሸጊያ እንዳይይዝ ያደርጋል።

እጅ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሌላ አማራጭ ሳይፈልጉ በቀፎው ውስጥ አልፎ በዳዶ የሚታሰር የማይዝግ ብሎን ይጠቀሙ። ለአብዛኛው ዕቃ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል፤ ወደ ጨዋማ ውሃ የሚሄዱ ከሆነ ደረጃው 316 የሆነውን ይምረጡ። በውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ፣ ከተቻለም ከወፍራም ፕላስቲክ የተቆረጠ መደገፊያ ሰሌዳ ያድርጉበት፤ የዘንግ መያዣ ትልቅ ዓሣ ሲጎትተው የሚያርፍበት ኃይል በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሰፊው እንዲበተን የሚያደርገው ይህ ነው። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለበት ይሁን። ይሁን እንጂ የማይዝግ ብረት ብሎንና ዳዶ በኤሌክትሪክ መሣሪያ በፍጥነት ሲጠብቁ ጥርሳቸው እርስ በርሱ ተናክሶ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንቢ ስለሚል፣ ጥቂት ግሪስ ቀብተው በእጅ ቁልፍ ያጥብቁት። ፕላስቲኩ መስመጥ ሲጀምር ያቁሙ።

እጅ በማይደርስበት ቦታ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲሳብ ጀርባው ለሦስት ተከፍሎ እንደ እግር የሚዘረጋው የአሉሚኒየም ሪቬት ነው፤ ይህ የሚያስፈልገው 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ሲሆን፣ ሰፊ መሠረት ላላቸውና ብዙ ለማይጎተቱ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ለገመድ ማሠሪያ ቀለበቶችና ለረጃጅም ሬይሎች፣ በጣም ጥሩ ነው። ሁለተኛው የላስቲክ ዳዶ ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ላስቲኩ አጥሮና ሰፍቶ ቀዳዳውን ከውስጥ ይይዛል፣ ውሃም ያሽጋል፣ መፈታትም ይችላል። ነገር ግን ወደ 10 ሚሊሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ስለሚፈልግና በኃይል ሲጎተት ሊወጣ ስለሚችል የዘንግ መያዣን ለእሱ አደራ አልሰጥም። በጨዋማ ውሃ ደግሞ የአሉሚኒየም ሪቬት ከማይዝግ ብረት ጋር ተነካክቶ ሲቆይ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው መመርመር አለበት።

አሁን ወደ መብሳቱ እንምጣ። ከመብሳትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው በስተጀርባ የአረፋ ድጋፍ፣ የመሪ ገመድ ወይም ሌላ ነገር አለመኖሩን በባትሪ ብርሃን ይዩ። ከውሃው መስመር በታችና ውሃ በሚያንጠፈጥፉት ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ምንም አይብሱ፤ እነዚያ ቀዳዳዎች የላይኛውንና የታችኛውን ቀፎ የሚያያይዙ ምሰሶዎች ጭምር ናቸው። ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ምልክቱን በእሱ ላይ ያድርጉ፣ በቀጭን ፑንታ ጀምረው ወደ ትክክለኛው መጠን ይሂዱ፣ ፑንታው ተንሸራቶ ከሚገባው በላይ እንዳይሰምጥም ናስትሮ ጠቅልለው ወሰን ያብጁለት። መሰርሰሪያው በዝግታ ይዙር፤ በፍጥነት ሲዞር ፕላስቲኩን ከመቁረጥ ይልቅ ያቀልጠዋል። አንዱን ቀዳዳ በስተው ብሎኑን ሳያጠብቁ ካስገቡ በኋላ ሌላውን ይብሱ፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጎ የበሳ ሰው አራተኛው አልገጥም ሲለው ማየት የተለመደ ነው።

ጥልቅ ውሃ፦

ስለ ሶናሩ ልመልስ። ትራንስዱሰሩን በቀፎው ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ድምፁ በአንድ ንብርብር ፖሊኢቲሊን ውስጥ ማለፍ ይችላልና። የማያሳልፈው አየር ነው። በማጣበቂያው ውስጥ የቀረች አንዲት የአየር አረፋ ወይም በመካከል የገባ አረፋማ ስፖንጅ ምስሉን ያበላሻል። በዚህ አገጣጠም ጥልቀትንና ዓሣን በተለመደው 200 ኪሎኸርትዝ አካባቢ በሚሠራ ሶናር በደንብ ያያሉ፣ ጥቂት ጥራት ቢቀንስም። ነገር ግን የሚነበበው ሙቀት የውሃው ሳይሆን የቀፎው ይሆናል፤ በ455 እና በ800 ኪሎኸርትዝ የሚሠሩት ከሥርና ከጎን ፎቶ መሰል ምስል የሚሰጡ ሶናሮችም በፕላስቲኩ ውስጥ ሲያልፉ እጅግ ይዳከማሉ። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ገዝቶ ከቀፎ ውስጥ ማጣበቅ ለምን እንደሚለመድ አይገባኝም፤ የተከፈለበትን ችሎታ በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

ጀልባዎ ከሥሩ ለትራንስዱሰር የተዘጋጀ ጎድጓዳ ቦታ ካለው እሱን ይጠቀሙ። ከሌለው በሬይሉ ላይ የሚታሰርና ወደ ውሃ የሚወርድ ክንድ እመርጣለሁ፤ ጥልቀት በሌለው ቦታ ወይም ሣር ሲበዛ ወደ ላይ ያጥፉታል፣ ቀፎውም አይበሳም። ጉዳቱ ሲቀዝፉ ጥቂት መጎተቱና የዓሣ ገመድ ሊጠመጠምበት መቻሉ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። ሶናሩ 0.7 አምፔር ቢወስድ፣ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ እንዳይራቆት ስለሚመከር፣ 5 ሰዓት ያህል ያሠራል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 80 በመቶውን ስለሚሰጥ 8 ሰዓት ያደርሳል፤ ክብደቱም ከእርሳሱ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ከግማሽ በታች ነው። ዋጋው ቢበልጥም በጠባብ ጀልባ ላይ እሱን እመርጣለሁ፤ ለእሱ የሚሆን የራሱ ቻርጀር እንዳለው ግን ያረጋግጡ። ባትሪው ውሃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በመካከለኛው መስመር ላይ በደንብ ይታሰር፤ ፊውዙም፣ በመመሪያው የተጻፈው መጠን፣ በአወንታዊው ሽቦ ላይ ለባትሪው ቅርብ ሆኖ ይግባ። መሣሪያው አጠገብ የተደረገ ፊውዝ በመካከል ያለውን ሽቦ አይጠብቅም።

ጀማሪ ቀዛፊ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፊቱን መያዣና የሶናሩን መስታወት በሬይሎቹ ላይ፣ ትራንስዱሰሩንም በክንድ ላይ ለማድረግ ወስኛለሁ፤ ስለዚህ የሚቀረኝ የመልሕቁ ጉዳይ ብቻ ነው። የማንሸራተቻው ፑሊዎች የት እንደሚታሰሩና በወንዝ ላይ ስጠቀምበት ልጠነቀቅለት የሚገባ ነገር ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የማለዳ አጥማጅ፦

በጎ ውሳኔ ነው። ለፑሊዎቹ አዲስ ቀዳዳ የማያስፈልግዎ ይመስለኛል፤ በፊትና በኋላ ጫፍ ያሉትን የመሸከሚያ እጀታዎች የያዙትን ብሎኖች ፈትተው፣ በመጠኑ በሚረዝሙ ብሎኖች ቀለበቶችን አብረው ያሰሯቸው። ፑሊዎቹ በእነዚያ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ በአንደኛው ጫፍ አጭር የሚለጠጥ ገመድ ቢገባ ማንሸራተቻው ሳይላላ ይቆያል። በፑሊዎቹ መካከል በሚዞረው ገመድ ላይ የታሰረ ሌላ ቀለበት የመልሕቁን ገመድ ይዞ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ጫፍ ይሄዳል። የዚህ መሣሪያ ጥቅሙ ሁሉ ይኸው ነው፤ መልሕቅ የጣለ ካያክ ምንጊዜም በጫፉ እንጂ በጎኑ መታሰር የለበትም። በጎኑ የታሰረ ጀልባ ውሃው እየገፋ አንዱን ወገን ወደ ታች ስለሚጫነው ይገለበጣል።

ለሐይቅ የሚታጠፍ፣ 1.5 ኪሎ የሚመዝን መልሕቅ ይበቃዎታል። ገመዱን ከጥልቀቱ አምስት እጥፍ ያህል ይልቀቁለት፤ አጭር ገመድ መልሕቁን ወደ ላይ እየሳበ እንዳይነክስ ያደርገዋል። በወንዝ ላይ ደግሞ የገመዱ መጨረሻ ከጀልባው ጋር በቋጠሮ አይታሰር፤ በአንድ ጉተታ በሚለቅ መያዣ ይግባና ትንሽ ተንሳፋፊ ይታሰርበት፣ ሲቸግርዎ ለቀውት ሄደው ኋላ ተመልሰው ይወስዱታል። ቢላዋም በጃኬትዎ ላይ፣ በሁለቱም እጆች በሚደርስ ቦታ ይኑር። ውሃው መቅዘፊያውን በኃይል የሚገፋ ከሆነ ግን መልሕቁን አይጣሉት።

ሳይጠየቅ የሚገባ አንድ ነገር ላክል። ማልደው ወይም አምሽተው የሚወጡ ከሆነ ከሶናሩ ይልቅ መብራቱ ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ቢያንስ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ አዘጋጅቶ ግጭትን ለመከላከል በሚበቃ ጊዜ እንዲያሳይ ያዝዛል። ከራስዎ በላይ ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ የሚቆም መብራት ደግሞ ከዚያ ይሻላል፤ ለእሱም የኋላው የተቀበረ የዘንግ መያዣ ያገለግላል።

ብሎንና ዳዶ፦

የእጀታዎቹን ብሎኖች ሲፈቱ በውስጥ በኩል ዳዶ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ በቀፎው ውስጥ በተቀረጸ የነሐስ ጥርስ ላይ የሚገቡ ናቸው፣ በእነዚህ ላይ ብሎኑ ከልክ በላይ ከረዘመ የጥርሱን ሥር ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ሁሉን ገጥመው ሲጨርሱ በቀፎው ውስጥ የወደቀውን የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ጠርገው ያውጡ፣ ከዚያም ጀልባውን ጉልበት በማያልፍ ውሃ ላይ አድርገው እርስዎም ተቀምጠውበት ግማሽ ሰዓት ያህል ይንሳፈፍ። ወደ ዳር አውጥተው ክዳኑን ሲከፍቱ ውስጡ ደረቅ ካልሆነ፣ በየብሎኑ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀብተው በማፍሰሻው ቀዳዳ በኩል ቀስ ብለው አየር ይንፉበት፤ የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ያወጣል።