የዕቅድ ውይይት፦ ለወሩ የንባብ ፕሮግራም፣ ጅማ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባውን ዕቅድ እንጨርስ። መጽሐፉ ተመርጧል፤ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሀርፐር ሊ ልብወለድ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»። በረቂቁ ላይ ዓላማው «ስለ ዘረኝነት ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይላል። ሐሳብ ስጡበት።

የመንደራዋ (ከመንደራ ሰፈር)፦ ግንዛቤ ይቅርብን በናታችሁ። ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ አጨብጭቦ ይሄዳል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ገጽ ነው። ነጭ ልጅ ደፍሯል ተብሎ በሐሰት የተከሰሰው ጥቁሩ ቶም ሮቢንሰን፣ ችሎት ላይ ልጅቷን ለምን በነፃ ያግዛት እንደነበር ሲጠየቅ፣ ስላዘነላት እንደሆነ ይናገራል። በቃ፣ አለቀለት። ጥቁር ሆኖ እንዴት ለነጭ ያዝናል? ልጅቷን የመታት ሰው ግራኝ ይመስል ነበር፤ የቶም ግራ እጅ የማይሠራ መሆኑ እንኳ አላዳነውም። እኔስ ማን ሲያዝንልኝ ነው የሚያንገበግበኝ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ደስ አላለኝም።

የቆጪው (ከቆጪ ሰፈር)፦ እህቴ፣ ያ እኮ የአላባማ ታሪክ ነው፤ የ1930ዎቹ። የራሳችንን ጣጣ ከጎተትንበት ነገሩ ወደ ብሔር ጭቅጭቅ ይሄዳል። አዳራሹንም ይከለክሉናል፤ ነግሬያለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን ይህን የምትለው እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አፍንጫ ሥር ተቀምጠህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ያኔ ትልቅ ልጅ ነበር። አጥንት ቆጠራው ግን ቤታችን ውስጥ ቀጠለ። እናቴ ለሸክላ ሠሪዋ ቡና የምትቀዳበት ሲኒ ለብቻው ነበር። አፉ የተሸረፈ፣ ከበር ጀርባ የሚቀመጥ። ሴትዮዋ የሠራችው ጀበና ግን መሀል ቤት ነው የሚውለው! አሜሪካኖቹ በ1964 እ.ኤ.አ. በሕግ እስኪከለከል ድረስ ለነጭና ለጥቁር የተለየ የውሃ ቧንቧ እንደነበራቸው ሳነብ ነው ያ ሲኒ ትዝ ያለኝ።

የመንደራዋ፦ ጋሼ፣ የጀበናው ነገር ገደለኝ።

የቆጪው፦ እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። ግን አንዱ ተነስቶ ሌላውን «የእናንተ ዘር» ማለት ከጀመረስ?

ጸሐፊ፦ ደንብ እናስገባ። ሁሉም ስለ ራሱ ቤት ብቻ ይናገር። ሌላውን መክሰስ የለም።

ተማሪዋ፦ ይቅርታ፣ ደንቡ እኔን ዝም ያሰኘኛል። አያቴ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የእኔ ቤት ታሪክ እኮ ሌላው ያደረሰብን ነው። የመጽሐፉም ችግር እዚህ ጋ ነው። የምትተርክልን ነጭ ልጅ ናት፤ ቶም ከችሎቱ ውጪ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። አሁንም ስለ ሲኒው የነገሩን ጋሼ ናቸው። በሲኒው የጠጣችውን የጠየቀ የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ስሟን እንኳ አላውቀውም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። ዓላማ፦ «አንባቢው ልብወለዱ ውስጥ የራሱን ቤት እንዲፈልግ»። የመጀመሪያው ቅዳሜ በመጽሐፉ ላይ፤ የችሎቱ ምዕራፎች ጮክ ተብለው ይነበባሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ የተገለሉ ቤተሰቦች ልጆች ከፈቀዱ መድረኩን ይመራሉ፤ ሌላው ያዳምጣል። ደንቡ፦ የደረሰብህንም ያደረስከውንም ተናገር፤ ዘር ጠርተህ ግን አትሳደብ።

ተማሪዋ፦ «ከፈቀዱ» የምትለው ትስመርልኝ። እኔ ገና አልወሰንኩም።

የቆጪው፦ ኮፒውን እኔ አስነሳለሁ። ስንት ቅጂ ይብቃ?