ብራዚል ደርቃ እያለ የቡና ዋጋ ለምን ይወርዳል?

ጀንፈል ያዥ፦ ሰላም ወገን። ሐዋሳ ነኝ፣ ያልታጠበ ቡና ለላኪ አቀርባለሁ። ሰኞ ዕለት የገበያ ተንታኙ «ብራዚል ስለደረቀች ኒውዮርክ የቡና ገበያ ላይ ዋጋ ጨመረ» አለ። ሐሙስ ብራዚል እንደደረቀች ናት፣ ዋጋው ግን ወረደ። ያው ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ነጋዴው ሸጦ ትርፉን ስለሰበሰበ ነው» አለን። ዋጋው በሄደበት ሁሉ ምክንያት ይሰፉለታል እንዴ? ጀንፈሌ (ከነገለባው የደረቀው ቡናዬ) መጋዘን ነው። ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ?

የአሮጌ ገበያው፦ እኔ ዜናውን ትቼዋለሁ። ላኪው ጋ እደውላለሁ። በመጀመሪያው ጥሪ ካነሳ ቡና ቸግሮታል። ካላነሳ መጋዘኑ ሞልቷል።

ውል ክፍል፦ 😀 ይሄም ትንተና ነው። እኔ ላኪ ቤት ውል ላይ ነው የምሠራው። ወንድሜ፣ ሰውዬውን ብዙ አትርገመው። ሁሉም የሚያውቀው ድርቅ ዋጋው ውስጥ ገብቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ ትንበያው ላይ ትንሽ ዳመና ብቅ ካለች፣ መሬቱ ሳይርስ ዋጋው ይወርዳል። የ1975ቱ የብራዚል ውርጭ ዋጋውን በ1977 ጣሪያ አድርሶት ነበር። ያ ክብረ ወሰን በ2024 መጨረሻ ተሰበረ፤ በየካቲት 2025 አንድ ፓውንድ ቡና ከ4 ዶላር አለፈ። (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

አሁን ወደ ኪስህ እናምጣው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ 37 ፓውንድ ተኩል ገደማ። በ4 ዶላር ሲሰላ 150 ዶላር ይመጣል። ግን ይሄ ለተፈለፈለ ቡና ነው፤ ከጀንፈልህ ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። ገዢው ደግሞ የኒውዮርክን ዋጋ ይዞ ለእኛ ቡና ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ኒውዮርክ ሲሰቀል ጭማሪው ብዙ ጊዜ ይሳሳል። ተንታኞቹ ይሄን አያነሱትም፣ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። በዚያ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪው በገበያ ነው የሚወሰነው። ኒውዮርክ ወርዶ ብር ከረከሰ፣ አንተ ጋ ላይወርድ ይችላል።

ብድር አለብህ?

ጀንፈል ያዥ፦ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አዎ፣ የባንክ አለብኝ። ላኪው ግን ስለ ጭማሪው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ውል ክፍል፦ እንግዲያው ወለዱ የሚሸፈንበትን ያህል ሽጥ፣ ቀሪውን ያዝ። ለጭማሪው ደግሞ ሌላ ሁለት ላኪ ጠይቅ።

የአሮጌ ገበያው፦ ስልክ የሚያነሱትን ግን 😀