ለአልኮልና ለሄክሳን የትኛው ፓምፕ ይሻላል? (ጥቆማ)

የዘይት፣ የቀለም ወይም የአልኮል ፋብሪካ ያላችሁ ሰዎች፣ የእነዚህ ፈሳሾች ትነት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የፍንዳታ መከላከያ ያለው ፓምፕና ሞተር ነው የሚያስፈልገው፤ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ኔምፕሌቱን (ዕቃው ላይ የተለጠፈውን የመግለጫ ሳህን) አንብቡ። የሞተሩ ለብቻ፣ የፓምፑ ለብቻ ነው፤ ሁለቱንም እዩ። "ቲ" ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ዕቃው ቢበዛ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚግል ይነግራችኋል። ቲ1 450፣ ቲ2 300፣ ቲ3 200፣ ቲ4 135፣ ቲ5 100፣ ቲ6 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚረዳው።

የአልኮል ትነት እሳት ሳይነካው በራሱ የሚቀጣጠለው በ360 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቲ2 ይበቃዋል። ከቅባት እህል ዘይት ለማውጣት የሚገባው ሄክሳን ግን በ230 ገደማ ይነሳል፤ ቲ1 ወይም ቲ2 እንዳትቀበሉ። የዋጋው ልዩነት ካልከበዳችሁ ለሁለቱም ቲ4 ውሰዱ። ዞኑና (ቦታው ላይ ትነቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚኖር) የጋዝ ግሩፑም (ትነቱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈነዳ) ከቦታችሁና ከፈሳሻችሁ ጋር መግጠም አለባቸው። "ሞተሩ አይፒ 55 ነው፣ ችግር የለውም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አይፒ 55 አቧራና ውሃ ነው የሚከለክለው፣ ፍንዳታ አይደለም።

ወደ ምርጫው ልግባ። ሚካኒካል ሲል (ዘንጉ ወደ ፓምፑ በሚገባበት ቦታ ፈሳሹ እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) ያለው ተራ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ዋጋው ቀላል ነው፣ ጥገናውንም ማንም መካኒክ ይችለዋል። ለአልኮል፣ አየር በደንብ በሚነፍስበት ቦታ እስማማበታለሁ። ሲሉ ግን ውሎ አድሮ ማንጠባጠቡ አይቀርም።

ሄክሳን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሆነ የኔ ምርጫ ማግኔት ድራይቭ (ሞተሩ ፓምፑን በማግኔት ኃይል የሚያሽከረክርበት) ነው። ሲል የለውም፣ አያፈስም። ጠላቱ ባዶውን መሽከርከር ነው። የውስጥ ቤሪንጉን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ራሱ ፈሳሹ ነው፤ በማግኔቶቹ መሀል ፈሳሹን ዘግቶ የሚይዘው ቆርቆሮ ብረት ከሆነ ደግሞ ማግኔቱ ሲዞር ብረቱ ራሱ ይግላል። ታንኩ ሲያልቅ ፓምፑ ካልቆመ ኔምፕሌቱ ላይ ያለው "ቲ4" ዋጋ የለውም። ስለዚህ የታንክ ደረጃ መቆጣጠሪያና ቆርቆሮው ላይ የሚገጠም የሙቀት ሴንሰር አብራችሁ እዘዙ። ለእነሱ በጀት ከሌላችሁ ማግኔት ድራይቭ ይቅርባችሁ።

ከበርሜል ለመገልበጥና ለቀለም ፋብሪካ በአየር የሚሠራው ዳያፍራም ፓምፕ የሚያህለው የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር የለውም፣ ባዶውን ቢሠራም አይግልም። የኮምፕሬሰር አየር ግን በደንብ ይበላል። ተራውን ነጭ ፕላስቲክ አትግዙ፤ ስታቲክ (ብልጭታ ሊፈጥር የሚችል የመፋተግ ኤሌክትሪክ) ያጠራቅማል። አሉሚኒየም ወይም ስቴንለስ ይሁን፣ ከበርሜሉ ጋር አንድ ላይ በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ (ኤርዝ ይደረግ)።

አንድ ነገር ደግሞ ካታሎግ ላይ ስለማይጎላ ልብ በሉ። አብዛኛው ሞተር የተሰላው እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደሚገባው አያቀዘቅዘውም። የፍንዳታ መከላከያ ደረጃዎቹም የሚነሱት ከ80 እስከ 110 ኪሎፓስካል የአየር ግፊት ይዘው ነው፤ አዲስ አበባ 77 ገደማ ነው። "ለዚህ ከፍታ ይሆናል" የሚል የአምራቹን ጽሑፍ ከአቅራቢው ጠይቁ፤ የቃል ማረጋገጫ አይበቃም። አፋር ወይም ጅቡቲ ለምትተክሉ ችግሩ ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ ቢያንስ ለ50 ዲግሪ የተመዘገበ እዘዙ።

ሞተሩ ሲቃጠል ብዙዎቻችን ሰፈር ያለ ጠምጣሚ ጋ ነው የምንሮጠው። ለውሃ ፓምፕ ይሁን። የፍንዳታ መከላከያ ሞተር ግን ክዳኑና አካሉ የሚገጥሙበት ክፍተት በስስ ልክ የተሠራ ነው፤ ውስጥ የተነሳ እሳት እዚያ ሲያልፍ ቀዝቅዞ እንዲጠፋ። ጠምጣሚው ያንን መጋጠሚያ በሞረድ ካነካካው ወይም ቀለም ከቀባው ጥበቃው ቀረ። ከመስጠታችሁ በፊት እንደዚህ ዓይነት ሞተር የሚጠግንበት ፈቃድ እንዳለው፣ ክፍተቱን በምን እንደሚለካና የልኩን ወረቀት እንደሚሰጥ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሞተሩን ይዛችሁ ተመለሱ።