ከቀዬ ቀዬ የሚዞር የውኃ ሞተር ጠጋኝ፦ የ8 ክፍል ድራማ ክፍል 3 ላይ ለምን ይደክማል?

ቆራጣ_ዳር፦

ጤና ይስጥልን። በጣና ዙሪያ የሚቀረጽ ተከታታይ ድራማ እየጻፍን ነው፤ 8 ክፍል፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ዋናው ሰው የውኃ ሞተር ጠጋኝ ነው። ኅዳር ላይ ከጎርጎራ ይነሳል፤ በደልጊ፣ በቁንዝላና በዘጌ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከዚያ በቆራጣ በኩል ወደ ፎገራ ይወጣል። በየደረሰበት የማያውቀውን ሰው ረድቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከውጭ አገር ድራማዎች የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ብቻውን የሚዞር ሰው፣ በየክፍሉ አዲስ ቀዬ፣ አዲስ ችግር።

ክፍል 1 ጥሩ ነው፣ ክፍል 2ም ደህና። ክፍል 3 ላይ ግን ያስነበብናቸው ሰዎች ማዛጋት ጀመሩ። መጣ፣ ጠገነ፣ መረቁት፣ ሄደ። «እዚሁ ቅር» ሲሉት እምቢ የሚልበት ምክንያትም አላሳመነም፤ ለጊዜው «ቤተሰቡ አልቆበት ነው» ብለናል። ሞባይልስ ምን እናድርገው? ደውሎ የሚጨርሰውን ነገር ለምን በእግሩ ይሄዳል? የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘብ ነው፤ ስምንቱንም ቀዬ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ቀርጸን ማለፍ እንችላለን? ቀረጻው ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ስድስት ሰው፣ ሁለት ካሜራ።


ጥቁርና_ነጭ፦

እህቴ፣ ያላችሁት አንድ ገመድ እንኳን አይደለም፤ የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ነው።

የአሜሪካውን ተከታታይ ድራማ ዘ ፊዩጂቲቭን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 ድረስ 120 ክፍል ሄዷል። ዶክተር ሪቻርድ ኪምብል ሚስቱን ገድሏል ተብሎ በሐሰት ሞት የተፈረደበትና ያመለጠ ሐኪም ነው። ሌተናንት ጄራርድ ከኋላ ይነዳዋል፤ ባለ አንድ እጁ ሰውዬ ከፊት ይስበዋል። ዘ ኢንክሬዲብል ሃልክም (እ.ኤ.አ. 1977–1982) ያው ነው፤ ሲቆጣ ወደ ግዙፍ ፍጡር የሚለወጠው ዴቪድ ባነር ከፊቱ መድኃኒቱን ይፈልጋል፣ ከኋላው ጋዜጠኛው ጃክ መጊ አለ። በኩንግ ፉ (እ.ኤ.አ. 1972–1975) ኬይን ግማሽ ወንድሙን ይፈልጋል፤ በራሱ ላይ ደግሞ ዋጋ ተቆርጦበታል። የኋላው ገመድ «ለምን አይቀመጥም» የሚለውን ይመልሳል፤ የፊቱ «ለምን ወደዚህ ቀዬ መጣ» የሚለውን።

«ቤተሰቡ አልቆበት» ሁለቱንም አይመልስም። ሐዘን እኛ ዘንድ ሰውን ያስቀምጣል እንጂ አያስኬድም፤ ለቅሶ የሚቀመጥ ሕዝብ ይህን ለማመን ይቸገራል።

ሁለተኛው ጥፋት፣ ክፍሉን ለጠጋኙ ጽፋችሁታል። ክፍሉ የባለቤቶቹ ነው። እሱ እንደመጣ ይሄዳል፤ የሚለወጡት እነሱ ናቸው። መፈተኛ አለው፦ ጠጋኙን ጨርሳችሁ አውጡትና የቀዬውን የሦስት ቀን ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፉ። እሱ ባይመጣ በሦስተኛው ቀን የሚፈነዳ ነገር ከሌለ ያ ክፍል አልተወለደም። ካለ፣ ያኔ ጠጋኙን በመጀመሪያው ቀን ማታ አስገቡት።

ስለ ደቂቃም ልናገር። በሃልክ ሰውየው ብዙውን ጊዜ በአንድ ክፍል ሁለቴ ይለወጣል፤ አንዱ ወደ መሐል፣ ሌላው ወደ መጨረሻ። የጃፓኑ ሚቶ ኮሞን (እ.ኤ.አ. 1969–2011) ደግሞ አንዴ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ተራ መንገደኛ መስሎ ይዞርና መጨረሻው ሲቃረብ አጃቢው የገዢው የቶኩጋዋ ቤት አርማ ያለበትን ትንሽ ሣጥን ያወጣል፤ ሁሉም ይወድቃል። ተመልካቹ መምጣቱን ያውቃል፣ መዘግየቱን ነው የሚወደው። የእናንተ ሰው ኃይሉ ጥገና ስለሆነ መጨረሻ ላይ አታድርጉት። በ12ኛው ደቂቃ ጠግኖ ይጨርስ፤ ውኃው ይምጣ፣ እልል ይባል። ከዚያ ጥገናው ራሱ ሌላ ጣጣ ያምጣ። ቀሪው 25 ደቂቃ በመፍቻ የማይፈታውን ነገር ይያዝ፤ ለመሄጃው 3 ደቂቃ ይበቃል።

አንድ የቴክኒክ ነገር፦ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ሕግ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ የወጣ ነው። በፊደላችን አንድ ገጽ ብዙ ቃል ስለሚይዝ 40 ገጽ ብላችሁ 50 ደቂቃ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጮክ ብላችሁ በሰዓት አንብቡት።


የአብነት_ልጅ፦

ከላይ የተባለው እንዳለ ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ተጓዥ በአገራችን ሞልቶ ሳለ ከጃፓን መዋሳችን ይገርማል። የቆሎ ተማሪ አለ አይደል? የሚሄድበት ምክንያት በሥርዓቱ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ ቦታ ቦታ አለው፦ ቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ አቋቋም ጎንደር። አንዱን ጉባኤ ቤት ሲጨርስ ሌላው ይጠራዋል፤ «ለምን አይቀመጥም» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኩንግ ፉ በየክፍሉ ወደ መምህሩ ትዝታ የሚመለሰውን፣ እናንተ በየኔታ ትተኩታላችሁ።

ድክመቱንም ልንገራችሁ፤ ተማሪ ባለ ቅኔ ነው፣ ቅኔ ያውቃል ማለት አስማትም ያውቃል ብሎ የሚፈራው አይጠፋም። የረዳው ሰው ላም በማግሥቱ ብትሞት ጣት የሚቀሰረው እሱ ላይ ነው። ለድራማ ይህ ሀብት ነው።

ከወሰናችሁ ግን በትክክል ሥሩት። ተማሪ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ የሚቀበለው ውሻ ነው፣ ዘንጉም ለዚያ ነው። ተማሪዎች መንደር ተከፋፍለው ይለምናሉ፤ ሁለት ተማሪ አንድ በር ላይ አይቆምም። የተረፈ ቁራሽ ድርቆሽ ይሆናል። ደበሎው አዲስና ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ጠጋኙን ብታስቀሩትም አንድ ነገር ውሰዱ፤ ሰውየው ሲመሽ ይድረስ። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው መመለስ ነውር ስለሆነ በሩን ለማስከፈት አራት ገጽ ንግግር አያስፈልጋችሁም። በጠዋት የደረሰ ሰው ግን «ማን ላከህ?» ይባላል።


ፋሼታ፦

እኔ ስለ ሞተሩ ነው። ጥገናው «ካንዴላ ቀየረ፣ ተነሳ» ከሆነ የፎገራ ገበሬ ይስቅባችኋል፤ ካንዴላማ ራሱ ይቀይራል።

ጠጋኝ የሚያስጠራው ጣጣ ሞተሩ ተነስቶ ውኃ አልስብ ሲል ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ወይ ከመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ያለው ቫልቭ የእምቦጭ ሥር ገብቶበት አልዘጋ ብሏል፣ ወይ ቱቦው ከፓምፑ የሚታሰርበት ፋሼታ ላልቷል። ተዋናዩ እንዲህ ያድርግ፦ ሞተሩን ያጥፋ፤ የፓምፑን የላይ ክዳን ፈትቶ ውኃ እስከ አፉ ይሙላ፤ ምንም ሳይነካ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ። ውኃው ከወረደ ታች ያለው ቫልቭ አይዘጋም። ካልወረደ ክዳኑን መልሶ ያስነሳና መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ ቀዳዳው ነው። የቆየ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) በሁለት ጣት ስፋት ቆርጦ፣ ሁለት ዙር ጠቅልሎ፣ ፋሼታውን ከላይ ያጥብቅ። ባዶውን ብዙ ማሠራት የለም፤ ውኃ የሚያግደው ማሸጊያ ይቃጠላል።

እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ለጸሐፊ ስጦታ ናቸው። ባለቤቱና እንግዳው ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው ውኃ ሲያዩ የማይወጣ ወሬ የለም።

አሁን ጥቁርና_ነጭ «ጥገናው ጣጣ ያምጣ» ያለውን ከዚህ አያይዙት። የጣና ውኃ ከመስከረም እስከ ግንቦት መጨረሻ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ሜዳው ጠፍጣፋ በሆነበት በፎገራ በኩል ዳርቻው እጅግ ይርቃል። ገበሬው ሞተሩን ከድሮ ቦታው ላለማንሳት መምጠጫውን ቱቦ ይቀጣጥላል። ስሕተት ነው። ፓምፕ የሚስበው በአየር ግፊት ነው፤ በባሕር ወለል ላይ በስሌት 10 ሜትር ቢሆን፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ወደ 8 ይወርዳል፣ በተግባር 5 ወይም 6 ሜትር ከፍታ ካወጣ ጥሩ ነው። ቱቦው በረዘመና መገጣጠሚያው በበዛ ቁጥር ደግሞ ያም ይቀንሳል። ትክክለኛው ሞተሩን ወደ ውኃው አውርዶ ማስወጫውን ቱቦ ማርዘም ነው።

የሚወርድበት መሬት ግን የማን ነው? ባሕር ሸሽ ነው። ድንበሩ ግማሹን ዓመት ውኃ ውስጥ የሚከርም መሬት! ጠጋኙ በቅንነት «ሞተሩን እዚያ አውርደው» ይላል፤ በማግሥቱ ሁለት ጎረቤት ዱላ ይማዘዛል። ጥፋተኛው ማን ሆነ? እንግዳው።

ስለ ሁለቱ ገመድም ሐሳብ አለኝ። የወንድሙ ሞተር ተሰርቆ ይሁን። ሞተር ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለው። ጠጋኙ በየቀዬው ሞተር ሲሰጡት፣ ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት ቤንዚን የነካ ጨርቅ አውጥቶ ቁጥሩን ይጥረግ። ክፍል 1 ላይ ማንም አያስተውለውም፤ ክፍል 3 ላይ ተመልካቹ ቁጥሩን አብሮት ያነባል። ሞባይሉም በዚሁ ይመለሳል፤ ሞተር የሚሰርቅ ሰውም እኮ መንገደኛ ነው፣ ሞተር ያውቃል፣ ቁጥር ይፈትሻል። አንዱ ቀዬ ይጠረጥረዋል፣ ፎቶው በስልክ ይላካል፤ እሱ በእግሩ ሳይደርስ ስሙ ይደርሳል። ስልኩን አታጥፉት፣ የኋላው ገመድ እሱ ነው።


ቆራጣ_ዳር፦

ፋሼታ፣ እጅህ ይባረክ፤ ቁጥሩን ወስደናል። የአብነት_ልጅ፣ የሲመሽ መድረሱንም እንዲሁ፤ ተማሪው ግን በክፍል 4 ዘጌ ላይ እንግዳ ገጸ ባሕርይ ይሆናል እንጂ ዋናውን አንቀይርም። አዝማሪ ይሁን የሚልም ነበር ከመካከላችን።


የአብነት_ልጅ፦

አዝማሪ በጥር ይሆናል፣ ሰርግ አለ። ታሪኩ ወደ ዐቢይ ጾም ከገባ ግን ማሲንቆው ይሰቀላል። በየክፍሉ አዲስ ግጥምና ዜማም ይፈልጋል። ይቅርባችሁ።


ሦስተኛ_ካሜራ፦

ስለ ቀረጻው፦ ስምንቱንም ባሕር ዳር ላይ ማድረግ አይሆንም፤ ፀሐይዋ ታጋልጣችኋለች። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻ ስለሆነ ሐይቁ በሰሜን ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ካሜራው ወደ ውኃው ሲዞር ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይመጣል፣ የተዋናዩን ፊት ይመታል፣ ዓይኑን ያስጨፍነዋል። ጎርጎራ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ሐይቁ ስታዩ ፀሐይዋ ከፊት ናት፣ ሰውየው ጥላ ይሆናል። ዘጌ፣ ቁንዝላና ደልጊ በምዕራብ ስለሆኑ ፀሐይ ከውኃው ትወጣለች። በቆራጣና በፎገራ በኩል ውኃው ውስጥ ትጠልቃለች። የጣና ዳር ሰው «ይህ ደልጊ አይደለም» ለማለት ሁለት ሴኮንድ አይፈጅበትም።

እንግዲህ ሦስት ቦታ ያዙ፦ ባሕር ዳር፣ ዘጌና ቆራጣ። የምዕራቦቹን ሁሉ ዘጌ ላይ፣ የምሥራቁን ቆራጣ ላይ ቅረጹ። ዘጌ ግን የቡና ደን ነው፤ ለደልጊ ስትጠቀሙበት ካሜራው ዛፉን ሳይሆን ውኃውን ይይ። ለጎርጎራ ሰውየውን ወደ የብስ አዙሩት፣ ሐይቁ በድምፅ ብቻ ይሰማ።

ውኃ ላይ የሚቀረጸው በሙሉ በጠዋት ይለቅ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ካሜራውን ይንጣል፣ ማይክም በነፋስ ድምፅ ይሞላል። ካሜራ ታንኳ ላይ አትጫኑ፤ ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ተቀማጩም ይረጥባል። ታንኳው ከፊት ይሂድ፣ ካሜራው ጀልባ ላይ ይሁን፤ ንግግር ሲኖር የጀልባው ሞተር ይጥፋና በመቅዘፊያ ይገፋ። ታንኳው ለብዙ ቀን የሚፈለግ ከሆነ ሁለት ያዙ፤ አንዱ ዳር ቆሞ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። የረጠበው ዝቅ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ትዕይንቱ መሐል ላይ ሲቀየር ያስታውቃል።

እምቦጩን እንዳትረሱት። ነፋስ እንደወሰደው ይሄዳል፤ ዛሬ አረንጓዴ የነበረ ዳርቻ ነገ ጠዋት ባዶ ውኃ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። በአንድ ዳርቻ የጀመራችሁትን ትዕይንት በዚያው ቀን ጨርሱት።

ዳይሬክተሯ አንቺ ከሆንሽ ገዳም ያለበትን ክፍል ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ናርጋ ሥላሴ አድርጊው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ቡድኑ ለሁለት ይከፈልብሻል። ፈቃዱ አስቀድሞ በደብዳቤ ይጠየቅ።


ቆራጣ_ዳር፦

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሞተሩን ያግኘው ወይስ አያግኘው? ሁለተኛ ዙር ቢመጣስ እያልን ነው።


ጥቁርና_ነጭ፦

ያግኘው። ዘ ፊዩጂቲቭ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1967 ባለ አንድ እጁን አግኝቶ ጨረሰ፤ በአሜሪካ ያን ጊዜ ያን ያህል ሰው ያየው ተከታታይ ድራማ አልነበረም። ሃልክ ግን መቋጫ ሳይኖረው ቆመ። ሁለተኛው ዙር ሌላ ገመድ ያምጣ።

ያገኘበት ሰው ግን ሌባው አይሁን። በደህና ዋጋ፣ ሳያውቅ የገዛ የፎገራ ገበሬ ይሁን፤ ሽንኩርቱ ሊደርስ ሁለት ውኃ የቀረው።


ፋሼታ፦

ቁጥሩ በካሜራ እንዲነበብ ከተጠረገ በኋላ ነጭ ጠመኔ ይታሸበትና ላዩ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። የስምንቱንም ክፍል ቅርብ ምስል በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ እጅ ቅረጹት። ተዋናዩ ምስማሩን በመሐል እንዳይቆርጥ ንገሩት፣ ጥፍሩም ሥር ግራሶ ይኑር።


ቆራጣ_ዳር፦

ጥፍሩን ማለትህ ነው?


ፋሼታ፦

አዎ፣ ጥፍሩን ነው። ምስማር ያልኩት በስሕተት ነው።