ገሊላ ውስጥ ለአንድ ቀን የትኛው ተራራ ይሻላል? ጊልቦዓ፣ ሜሮን፣ አርቤል ወይስ ታቦር

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ከአፉላ ተነስተን አንድ ቀን ተራራ ላይ ለመዋል አስበናል። ስምንት ነን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታችንና ሁለት ልጆች (9 እና 12 ዓመት) አሉበት። መኪና ይኖረናል። እይታው የሚያረካ ቦታ ጠቁሙን፤ ስለ ውሃ፣ ጫማና ካርታም የምታውቁትን ጣል አድርጉ።

መልስ፦ እህታችን፣ ወሩን አልነገርሽንም። እዚህ አገር ተራራ የሚመረጠው በከፍታው ሳይሆን በወሩ ነው፤ በማርች የሚያስደስት መንገድ በጁላይ ሰው ይጥላል።

እናትሽ አብረው ከሆኑና ጊዜው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከሆነ፣ ጊልቦዓ ሂዱ። ለአፉላ ቅርብ ነው። 667 ቁጥር መንገድ በተራራው ጀርባ ላይ ስለሚያልፍ ከመኪና ወርዶ ጥቂት መራመድ ይበቃል። ከቴፍ ሻኡል የሚባለው መመልከቻ በዊልቸር የሚያስኬድ መንገድ አለው፤ ከሥር የሸለቆው እርሻና የዓሣ ኩሬዎች ወለል ብለው ይታያሉ። ከበርቃን ተራራ ደግሞ ማዶውን የጊልዓድ ተራሮች ታያላችሁ። ሐምራዊው የጊልቦዓ አይሪስ የሚያብበው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ገደማ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ቀኑ የሚያልቀው በመኪና ሰልፍ ነው። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) አበባው ጥብቅ ስለሆነ አይቀጠፍም፤ ልጆቹን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከሜይ በኋላ ግን አበባው ባለበት ሜዳ ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ «ጠልና ዝናብ አይውረድባችሁ» ያላቸው ተራሮች ናቸውና።

በበጋ ከሆነ ሜሮን። 1,208 ሜትር ነው፤ ከሸለቆው በግልጽ ይቀዘቅዛል። ጫፉ ላይ የጦር ሰፈር ስላለ ጫፉ ራሱ አይረገጥም፣ ወደ ሰፈሩም ካሜራ አይዞርም። የሚኬደው ከጫፉ ዝቅ ብሎ ተራራውን የሚዞረው አጭር መንገድ ነው። ከልጆች ጋር እያረፉ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ አብዛኛው የኦክ ዛፍ ጥላ ነው። ግንዱ ቀይ ሆኖ ቅርፊቱ የሚላጠውን ዛፍ ለልጆቹ አሳዩዋቸው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ «ሜሮን» የሚል አውቶቡስ የሚያደርሰው ተራራው ላይ ሳይሆን የራቢ ሺሞን ባር ዮሐይ መቃብር ዘንድ፣ ሞሻቩ (የገበሬዎች መንደሩ) ውስጥ ነው። ከዚያ እስከ ላይ ከ400 ሜትር በላይ አቀበት ይቀራል። የስልካችሁ መንገድ መሪ ላይም እንዲሁ «ሜሮን» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። በላግ ባዖሜር (የአይሁድ በዓል ነው) ሰሞን ደግሞ መንገዶቹ ለምዕመናኑ ስለሚዘጉ ጭራሽ አትሞክሩት። ሊባኖስ ድንበር ቅርብ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የፒኩድ ሃኦሬፍን (የሠራዊቱ የሲቪል መከላከያ ክፍል) መመሪያ እዩ።

ሌላ መልስ፦ በጊልቦዓው እስማማለሁ። ልጆቹ ግን አርቤልን ካላዩ ገሊላን አዩ አይባልም። ከባሕር ወለል በላይ 181 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኪኔሬት (የገሊላ ባሕር) ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ገደሉ አፍ ላይ ስትቆሙ ሐይቁ ከእግራችሁ 390 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። በሄሮድስ ዘመን ዓማፅያን በገደሉ ዋሻዎች ተሸሽገው ወታደሮቹ በሣጥን ከላይ እየወረዱ የተዋጓቸው እዚህ ነው።

ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት። እናት ከአንድ ሰው ጋር ከፓርኩ መኪና ማቆሚያ እስከ ሐሩቭ መመልከቻ (የካሮብ ዛፉ ያለበት) ይሂዱ። 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ድንጋይ ስለሚበዛበት ምርኩዝ ይያዙ። የቀራችሁት በቀይ ምልክቱ ገደሉን ወርዳችሁ፣ የዋሻውን ምሽግ አይታችሁ፣ በአርቤል ሸለቆ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ከ3 እስከ 4 ሰዓት መድቡ፤ የሚያደክመው መጨረሻ ላይ ያለው አቀበት ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ዓለቱ ውስጥ የተተከሉ የብረት መያዣዎችና ገመዶች አሉ። ፊታችሁን ወደ ዓለቱ አዙሩ፣ እግር መርገጫ እስኪያገኝ እጅ አይለቅም፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ሁልጊዜ እንደያዙ ይሁን። ለ9 ዓመቱ ልጅ አዋቂው ቀድሞ ይውረድና አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ይቁም፤ ከላይ ሆኖ እጁን መጎተት ሚዛኑን ያሳጣዋል። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ዓለቱን እየገፋ ሰውን ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ከመኪናው አይውጣ። በበጋ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ ተራ የሥራ ጓንት ይበቃል። ዝናብ ከዘነበ ግን ተዉት፦ የብዙ ሰው እግር ያለሰለሰው የኖራ ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፣ ጥሩ ጫማም አያድንም። ከፍታ የሚያስፈራው ካለ ከታች፣ ከሐማም መንደር በኩል ወደ ላይ ይውጣ። የሚረግጠውን እያየ መውጣት ወደ ታች እያዩ ከመውረድ በጣም ይቀላል።

አሁን ስለ ብርሃኑ። ጠዋት ፀሐይ ከጎላን በኩል በቀጥታ ዓይን ውስጥ ትገባለች፣ ሐይቁ ጭጋግ ብቻ ይሆናል። ከ8 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን ሐይቁም ጎላንም ጎልተው ይወጣሉ። ስለዚህ ገደሉን በጠዋት ጨርሱና መመልከቻውን ለመጨረሻ አቆዩት። ፓርኩ በበጋ 11 ሰዓት፣ በክረምት 10 ሰዓት ይዘጋል፤ ዓርብ አንድ ሰዓት ይቀድማል። መግቢያው ደግሞ ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት በፊት ይቆማል። ትኬቱን በኢንተርኔት ቀድማችሁ ያዙ። በዓመት ብዙ ፓርክ የምትሄዱ ከሆነ ማትሞን የሚባለው የዓመት ካርድ ያዋጣል፤ ለአንዴ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም።

ሦስተኛ መልስ፦ ስለ ዕቃው እኔ ልጨምር።

ውሃ፦ ለአንድ አዋቂ በጸደይ 3 ሊትር፣ በሙቀት 5 ሊትር። ሽሉከሩ (ባለ ቱቦው የውሃ ከረጢት) እየተራመዱ ለመጠጣት ይመቻል። ችግሩ ስንት እንደቀረ አለመታየቱ ነው፤ ሰው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ቱቦው ሲያፏጭ ነው። ለልጆች ተራው የ1.5 ሊትር ጠርሙስ ይሻላል። ማታ እስከ ግማሽ ሞልታችሁ አጋድማችሁ አቀዝቅዙት፣ ጠዋት ላዩን ሙሉት፤ እስከ እኩለ ቀን ቀዝቃዛ ይሆናል። ሙሉውን ካቀዘቀዛችሁት ግን ጠርሙሱ ያብጣል፣ በረዶውም በጥማት ሰዓት አይጠጣም።

ጫማ፦ ውድ ቡት ግዴታ አይደለም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን። ለስላሳ ሶል ያለው የከተማ ስኒከርና ሰንደል አርቤል ላይ አይሆንም። አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ ላይ ማድረግ ውሃ መቋጠር ነው።

ካርታ፦ ስልክ ላይ «አሙድ ዓናን» ወይም «እስራኤል ሃይኪንግ ማፕ» ጥሩ ናቸው። ግን ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ሳቢያ ሰሜን ውስጥ ጂፒኤስ ሲረበሽ ገሊላ የቆመን ሰው ስልኩ ቤይሩት አየር ማረፊያ ነህ ሲለው ታይቷል። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ የሚያሳትመው 1፡50,000 የወረቀት ካርታ በዕብራይስጥ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ አብሯችሁ ስላለ ካርታውን ለእሱ ስጡት። ምልክቱን ማንበብ ቀላል ነው፦ በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል አንድ ቀለም። ቀለሙ መንገዱን ይለያል እንጂ ክብደቱን አይናገርም፤ ጥቁር ማለት አስቸጋሪ ማለት አይደለም። ብርቱካናማ፣ ሰማያዊና ነጭ አብረው ካያችሁ የአገር አቋራጩ የሽቪል እስራኤል መንገድ ነው። ምልክት ሳታዩ ብዙ ከሄዳችሁ አትቀጥሉ፣ የመጨረሻው ምልክት ዘንድ ተመለሱ።

በሞቃት ወራት ድንጋይ ሥር እጅ አታስገቡ፣ እፉኝት አለ። ከነደፈ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፤ የተነደፈው ሳይንቀሳቀስ 101 ይደወል። ለጠፋ ሰውና ለነፍስ አድን 100።

ሌላ ጥያቄ፦ ታቦርን ማንም አላነሳውም። ለቡሄ መውጣት ብንፈልግስ?

መልስ፦ ያልተነሳው ለእግር ጉዞ ከአራቱ ስለማይመረጥ ነው፤ ለመንፈሳዊ ጉዞ ግን ሌላ ነገር ነው። ደብረ ታቦር ስትል ያደግህበትን ስም የሰጠው ይኸው ተራራ ነው። ከሸለቆው 400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከሺብሊ መንደር በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በጠመዝማዛው የመኪና መንገድ በእግር አትውጡ። ትልቅ አውቶቡስ ስለማይወጣ ሰውን የሚያመላልሱት ሚኒባሶች በየመታጠፊያው ድንገት ይመጣሉ። አዛውንት ካሉ እነዚያው ሚኒባሶች ይሻላሉ፤ ዋጋውን ለደርሶ መልስ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ነሐሴ 13 የፈረንጆቹ ኦገስት 19 ነው። በዚያው ቀን ግሪክ ኦርቶዶክሶችም በዓሉን ስለሚያከብሩ ከዋዜማው ጀምሮ ላይኛው ክፍል በሕዝብ ይሞላል። ካቶሊኮቹ ያከበሩት ኦገስት 6 ነው። የእነሱ ባዚሊካ፣ ባርሉዚ የነደፈውና በ1924 የተጠናቀቀው፣ እኩለ ቀን ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት የደረሰ ሰው ደጅ ላይ በነሐሴ ፀሐይ ይቀመጣል። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ከሺብሊ ብትነሱ ፀሐይ ሳትበረታ ላይ ናችሁ። ነጠላ ያዙ፤ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም።