ጭንቀቴን በደብተር ላይ መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ለምን ባሰብኝ?

ጥያቄ፦ ተጠባባቂዋ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የጥገኝነት ማመልከቻዬን ያስገባሁት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እስከ ዛሬ ለቃለ መጠይቅ አልተጠራሁም። ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው። ስለያቸው 11 ዓመቷ የነበረው ትልቋ ልጄ አሁን 20 ሞልቷታል፤ የታናሽ ወንድሟም ድምፅ ጎርንኖ በስልክ «ማን ልበል?» ያልሁበት ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በቅርብ ካመለከቱት ጀምሮ ወደ ኋላ መጥራት ስለጀመረ፣ ከእኔ በኋላ የመጡ ሰዎች ተጠርተው፣ ተፈቅዶላቸው፣ ቤተሰባቸውን ዐይኔ እያየ ተቀብለዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አበባ ይዤ ሄጄ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብያቸው ስመለስ፣ መንገዱን ሁሉ አልቅሼ ቤቴ የገባሁበት ቀን አንድ ብቻ አይደለም።

ከሥራ የምገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። እተኛለሁ፤ 9 ሰዓት ላይ ግን ሰው የቀሰቀሰኝ ያህል ብድግ እላለሁ። ስልኬን አንሥቼ የጉዳዬን ሁኔታ የሚያሳየውን ድረ ገጽ እከፍታለሁ፤ ከትናንቱ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ከአራት ወር በፊት በእኅቶች ጉባኤ ላይ ያስተማሩን መጋቢ፣ የሚያስጨንቀንን ነገር በየዕለቱ በደብተር ላይ እንድንጽፍና በጽሞና ጊዜያችን ወደ እግዚአብሔር እንድናቀርበው መከሩን። ምክሩ መልካም ስለ መሰለኝ ያን ዕለት ማታ ጀመርሁ። አሁን ደብተሩ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል፤ ልቤ ግን አልቀለለም። ወደ ኋላ እየገለጥሁ ሳነበው በየገጹ ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ «ልጄ 21 ዓመት ቢሞላትስ? ቢከለክሉኝስ? እናቴ ሳላያት ብትሞትስ?» ልጄ 21 ከሞላት እንደ ልጅ አትቆጠርም ብለው ወደ እኔ እንዳትመጣ እንዳይከለክሏት እፈራለሁ። ጸሎቴም ቢሆን ተንበርክኮ መጨነቅ ሆኖብኛል። «አሜን» ብዬ ስነሣ ከመንበርከኬ በፊት ያልነበረ ሌላ ስጋት ይዤ እነሣለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ደብተሩን ልተወው ወይስ የያዝሁበት መንገድ ነው የተሳሳተው? ሁለተኛም፣ «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለው ትእዛዝ ከሆነ፣ በየሌሊቱ የምጨነቀው እኔ በየሌሊቱ ኃጢአት እየሠራሁ ነው ማለት ነው? በስልክ የሚጸልይልኝ አንድ «ነቢይ» በአንድ ወር ውስጥ ወረቀቴ እንደሚወጣ ነግሮኝ ነበር፤ ወሩ ሲያልፍ የእምነቴ ማነስ እንደ ከለከለው ነገረኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

መልስ፦ የቀድሞ አመልካች

እኅቴ፣ ሰባት ዓመት ጠብቄ ነው ባለቤቴን ያገኘኋትና የምትዪውን ሌሊት አውቀዋለሁ። ከመጨረሻው ልጀምር። ጳውሎስ «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ ሲጽፍ እስር ላይ ነበር፤ እርሱም ራሱ በሌላ መልእክቱ ዕለት ዕለት የሚከብድበት የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አሳብ እንደ ነበረበት አልደበቀም። ጥቅሱንም ከነሙሉነቱ አንብቢው፤ «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ» ይላል። በአማርኛችን አቀማመጥ መንገዱ ይቀድማል፣ ክልከላው ይከተላል። የታዘዝሽው ሸክሙን ወዴት እንደምትወስጂው እንጂ ሸክም እንዳይሰማሽ አይደለም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። ስለ ሕዝቅያስ የሚናገረውን 2ኛ ነገሥት 19ን ታውቂው ይሆናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት ገደማ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ይዞ ሲያበቃ ለሕዝቅያስ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ላከ። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበው፤ ከዚያም ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ይህ «ዘረጋው» የሚለው ቃል ለእኔ ብዙ ነገር አስተምሮኛል። ደብዳቤውን ቤቱ ተቀምጦ ደጋግሞ ሲያነብ ቢያድር ኖሮ ይጨምርበት የነበረው ፍርሃት ብቻ ነው። አንቺ አሁን የምታደርጊው ደብዳቤውን ለራስሽ ደጋግሞ ማንበብ ይመስለኛል፤ በደብተርሽ ላይ «ቢከለክሉኝስ?» ስትዪ የምትጠይቂው ማንን ነው? ዓረፍተ ነገሩ ሰሚ የለውም። ያንኑ ቃል «አባቴ ሆይ፣ እንዳይከለክሉኝ ፈርቻለሁ» ብለሽ ብትጽፊው፣ ፍርሃቱ ያው ቢሆንም ከአንቺ ወጥቶ የሚሄድበት አድራሻ ያገኛል።

የሕዝቅያስን ጸሎት ልብ ብለሽ ብታነቢው ደግሞ፣ መጀመሪያ የሚጸልየው ለማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ቀጥሎም የአሦር ነገሥታት አገሮችን በእውነት እንዳፈረሱ ይመሰክራል። አደጋው የለም አላለም። ልመናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በዚሁ ተራ ነበር የምጽፈው። በግራው ገጽ ላይ ቀኑንና ልመናዬን አሰፍርና የቀኙን ገጽ ባዶ እተወዋለሁ። በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ወደ ኋላ ተመልሼ አነብና፣ የተመለሰ ነገር ካለ በቀኙ ገጽ እጽፋለሁ። ብዙው ገጽ ባዶ ቀርቷል፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን በየዕለቱ እንደ ጥቃቅን ነገር ያየኋቸው፣ ያለ ደብተሩ ፈጽሞ የምረሳቸው መልሶች ተከማችተው ሳያቸው ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» ያለው ገባኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕዝቅያስ ጸልዮ ብቻ አልተቀመጠም፤ በ2ኛ ዜና 32 እንደ ተጻፈው ከከተማው ውጭ ያሉትን የውኃ ምንጮች ደፍኖ የፈረሰውን ቅጥር ጠግኗል። ስለዚህ ከስጋቶችሽ መካከል መልስ ሊገኝላቸው የሚችሉትን ለይተሽ አውጫቸው። «እናቴ ብትሞትስ?» የሚለውን የሚመልስልሽ ሰው የለም። «ልጄ 21 ዓመት ቢሞላትስ?» የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ የልጆችን ዕድሜ አቆጣጠር የሚመለከት ሕግ አለ። እኔ ጠበቃ አይደለሁምና በእኔ ቃል አትመኪ፤ ጠበቃሽ ጋ ደውዪና ጠይቂ። እስከ ዛሬ ጠይቀሻል?

መልስ፦ ዲያቆን ዘአትላንታ

ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ በአንድ ነገር ግን ከወንድሜ እለያለሁ። ሰው በተጨነቀ ጊዜ የራሱን ቃል ብቻ ይዞ ወደ ጸሎት ከገባ፣ ያ ቃል ከጭንቀቱ የተቀዳ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ ወደ ጭንቀቱ ይመልሰዋል። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የጸሎት መጽሐፍ የተሰጠን ለዚህ ጭምር ነው። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ዕለታት ተከፍሎ ሲጸለይ መዝሙር 12 የሚደርሰው ሰኞ ነው፤ በእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ 13 ተብሎ ይገኛል። ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ደስ ያለውም የከፋውም እኩል «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ይህን ቃል እግዚአብሔር ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦ ከሰጠን፣ «እስከ መቼ» ብሎ መጠየቅ ክህደት ሊሆን አይችልም።

መዝሙሩ አጭር ነው። ሲጀምር ያለቅሳል፤ ሲያበቃ በእግዚአብሔር ቸርነት መታመኑን ይናገራል። በመካከል ግን ጠላቱ ሄደ፣ ችግሩ ተፈታ የሚል አንድም ቃል አይገኝም። መታመን ከመልሱ በፊት የመጣ ነው። ሠለስቱ ደቂቅም በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ፣ «ባያድነንም» የሚለውን ለመጨመር አልፈሩም። በስልክ ወር ቆርጦ የሚተነብየው ሰው ይህን «ባያድነንም» የሚለውን ቃል አያውቀውም፤ የእርሱ ትንቢት ሳይፈጸም ሲቀር ዕዳውን በአንቺ እምነት ላይ መጫኑም ከዚያ የመጣ ነው። እባክሽ ቁጥሩን አጥፊው።

ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ የራስሽን ቃል ለመፈለግ አትድከሚ። ዳዊቱን ገልጠሽ አንዱን መዝሙር ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ፤ ከቻልሽ በእጅሽ ገልብጪው። ከዚያ በኋላ የራስሽን አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሪበት፣ ወንድሜ ያለው ደብተር የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሚሰማሽ መጋቢ ወይም የንስሐ አባት ካለ ደግሞ ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ፤ ለብቻ የተሸከሙት ሸክም ከክብደቱ በላይ ይከብዳል።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

ስለ ጸሎቱ ከእኔ የሚበልጡ ጽፈዋል፤ እኔ ስለ ገላሽ ልጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔኔቤከር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች በሕይወታቸው ስለ ደረሰ ከባድ ነገር ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። ከጻፉ በኋላ ወዲያውኑ ስሜታቸው ከፍቶ ተገኝቷል፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን የተማሪዎች ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ይህን የማነሣው የባሰብሽ መምሰሉ ብቻውን ደብተሩ ጎጂ ነው እንደማያሰኝ እንድታውቂ ነው። ልብ በዪ፣ የጻፉት ግን ለአራት ቀን ነው፤ ገደብ ነበረው። አንቺ አራት ወር ሙሉ ያለ ገደብ ስትጽፊ ቆይተሻል፤ የምትጽፊውም ስላለፈው ሳይሆን ገና ስላልመጣው ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከመኝታ ራቅ ባለ ሰዓት፣ ሰዓት ቆጥረሽ ከ15 ደቂቃ ሳታልፊ ጻፊ። ሌሊት የመጣውን ሐሳብ «ነገ በሰዓትህ» ብለሽ አሳድሪው። ስልክሽ ደግሞ ከመኝታ ክፍልሽ ውጭ ይደር።

ኤልያስን አስታውሺ። በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። በኮሬብ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍሽ ከዚህ በላይ ከተዛባ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም መኖር ከሰለቸሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድን አማኝ «እምነት ጎድሎሃል» የሚለው የለም።

መልስ፦ ጠብቃ ያደገች

እኔ በሌላኛው ጫፍ ነበርሁ። እናቴ ውጭ ስትኖር እኔ ደብረ ብርሃን ከአክስቴ ጋር አደግሁ። በመጨረሻ ስንገናኝ አራት የጸሎት ደብተር ሰጠችኝ። በአንደኛው ስለ ሒሳብ ፈተናዬ ሦስት ቀን ሙሉ ጾማ እንደ ለመነች ተጽፏል፤ ፈተናውን በዚያን ጊዜ ወድቄ፣ ውጤቱም ተለጥፎ ነበር፤ ደብቄያት ነው እንጂ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። እናቴ አጠገቤ ባልነበረችባቸው ዓመታት በየቀኑ ስሜ በማን ፊት ይጠራ እንደ ነበር ያወቅሁት ግን ከዚያ ደብተር ነው። የእርስዎ ልጆችም አንድ ቀን ያነቡት ይሆናል፤ እባክዎ አይጣሉት።

ከጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦ ተጠባባቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠበቃዬ ጋ ደወልሁ። ልጄ ማመልከቻው በገባበት ቀን ከ21 ዓመት በታች ከነበረች፣ ስሟም በማመልከቻው ላይ ካለ፣ ዕድሜዋ የሚቆጠረው በዚያ ቀን እንደ ሆነና እስከዚያው ማግባት ብቻ እንደሌለባት ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝን ነገር ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ስልኩን ዘግቼ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

የቀረው እንዳለ ነው። ለቃለ መጠይቅ አልተጠራሁም፤ ሌሊት 9 ሰዓትም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቀሰቅሰኛል። ስልኬ አሁን የሚያድረው ኩሽና ውስጥ ነው። በነቃሁ ጊዜ አንድ መዝሙር በእጄ እገለብጣለሁ፤ አንዳንዴ ሳልጨርሰው ብዕሩን እንደ ያዝሁ ያነጋብኛል። አዲሱን ደብተር የጀመርሁት «አባቴ ሆይ» ብዬ ሲሆን እስከ ትናንት ድረስ የቀኙ ገጽ ሁሉ ባዶ ነበር። ትናንት ልጄን «እስክትመጪ ድረስ እንዳታገቢ ተብለሻል» ብላት ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀችና «እማዬ፣ መጀመሪያ ዲግሪዬን ልያዝ» አለችኝ። ቀኑን ጽፌ ያንን ሳቅ በቀኙ ገጽ ላይ አሰፈርሁት።