በቃል እንደ ውሃ የጠጣሁት ትምህርት በሥዕል ሲመጣ ለምን ይጠፋብኛል?

ነርስ ልሆን ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። ይህን የምጽፈው ነገሩ ከልብ ስላሳሰበኝ ነው።

የደም ዝውውርን በቃል ጠይቁኝ፣ እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ደም ከሰውነት ተመልሶ ወደ ቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ይገባል። ከዚያ ወደ ቀኙ የታችኛው ይወርዳል። ወደ ሳንባ ይሄዳል። ኦክስጅን ይዞ ወደ ግራው የላይኛው ይመለሳል፣ ወደ ግራው የታችኛው ይወርዳል፣ በአዮርታ (በትልቁ ደም ቅዳ) ይወጣል። ጓደኞቼን የማስጠናቸውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ፈተና ላይ ግን ስም ያልተጻፈበት የልብ ሥዕል መጣ። 10 ቀስት፣ 10 ባዶ ቦታ። ያገኘሁት 3ቱን ብቻ ነው። ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አደረግኩት። ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ቅዳ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ስላየሁት ደም መልስ ብዬ ጻፍኩ። አብራኝ የምታጠናው ልጅ 10ሩንም አገኘች። እሷ በቃል ስትጠየቅ ግን መሃል ላይ ይጠፋባታል። እጇን አየር ላይ እያዞረች «እንዲህ ይሄድና... እንዲህ ይመጣል» ትላለች።

አንድ አስተማሪ «አንቺ የቃል ተማሪ ነሽ፣ በሥዕል አትድከሚ» አለኝ። እውነት ነው? ልተወው? ነገ የምነካው የሰው ገላ እኮ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የአናቶሚ መምህር

ልጄ፣ እንዳትተዪው። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ያንቺን ስህተት በየዓመቱ አያለሁ። ጎበዞቹም ይሳሳቱታል።

መጀመሪያ ቀኝና ግራውን እንይ። የልብ ሥዕል የሚሳለው ፊት ለፊትሽ እንደቆመ ሰው ነው። የእሱ ቀኝ በአንቺ ግራ በኩል ይውላል። «ቀኝ» የሚለው ቃል ብቻውን የማን ቀኝ እንደሆነ አይነግርሽም። ስትሸመድጂው ደግሞ መጠየቅ አላስፈለገሽም። ገጹን ወደ ውጭ አዙሪና ደረትሽ ላይ ለጥፊው። አሁን የሥዕሉ ቀኝ ያንቺው ቀኝ ላይ ዋለ። አንድ ሁለቴ ብታደርጊው አይጠፋብሽም።

ቀለሙ ላይ ግን ያሳሳተሽ ሥዕሉ ነው፣ መድኃኒቱም ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። ደም ቅዳ ከልብ ቀድቶ ይወስዳል። ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ስማቸው የሚናገረው ስለ አቅጣጫ ነው። ሰማያዊና ቀዩ የሚናገረው ደግሞ ስለ ኦክስጅን ነው (የሰው ደም መቼም ሰማያዊ አይሆንም፣ ኦክስጅን ሲያንሰው ጠቆር ያለ ቀይ ነው)። በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ሁለቱ ስለሚገጥሙ ተማሪ አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። ሳንባ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ኦክስጅን ያነሰው ደም ስለሆነ ደም ቅዳው በሰማያዊ ይቀባል። «ከልብ ይወጣል ወይስ ወደ ልብ ይገባል?» ብለሽ ብትጠይቂ ኖሮ ቀለሙ አያታልልሽም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ደም እየዞረ ወደ ልብ እንደሚመለስ እ.ኤ.አ. በ1628 ሲያሳትም አንዱ ትልቅ ማስረጃው ክርክርና ስሌት ነበር። ልብ በግማሽ ሰዓት የሚረጨው ደም ሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ እንደሚበልጥ አሰላ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ደም ካልተመለሰ ከየት ይመጣል? ሥዕል ያስፈለገው የታሰረ ክንድ ላይ ያበጡትን ደም መልሶች ለማሳየት ነው። ቦታን ማሳየት ሲፈልግ ሣለ፣ ምክንያትን ማሳየት ሲፈልግ ጻፈ።

ሥነ ልቦና ያጠናሁ

መምህሩ ያሉት ላይ ልጨምር። «የቃል ተማሪ» «የሥዕል ተማሪ» የሚለው ክፍፍል በጣም ተወርቷል፣ ግን በማስረጃ አልተደገፈም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሰብስበው መረመሩ። ሰው በሚመርጠው መንገድ ስለተማረ የተሻለ እንደሚይዝ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ምርጫ የለም ማለት አይደለም፣ የችሎታ ልዩነትም አለ። ግን ምርጫሽ ሌላውን መንገድ የምትዘጊበት ምክንያት አይሆንም።

ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ፓይቪዮ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ይጠቅምሻል። አእምሮ ነገሩን በቃልም በምስልም ይይዛል፣ ሁለቱም ከተያዙ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይመራል። አንቺ አንዱ አለሽ፣ ጓደኛሽ ሌላው። ስለዚህ የተሳለውን ደጋግመሽ አትዪ። ባዶ ወረቀት አምጪና ሳታዪ ሣዪው። ቢያስጠላም ሣዪው።

ራጅ ክፍል የምሠራ

እኔ ዓይኔን ስጨፍን ምንም አይታየኝም። የእናቴ ፊት እንኳ። አዳም ዜማን የሚባል የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2015 ከባልደረቦቹ ጋር አፋንታዥያ ብሎ ስም ሰጥቶታል፤ ስሙን እስክሰማ ድረስ ሁሉም ሰው እንደኔ ይመስለኝ ነበር። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ምስል ሳነብ ነው የምውለው።

የምጠቀምበት ዘዴ ይኼ ነው። ለምስሉ ምክንያት እፈልግለታለሁ። ለምሳሌ የግራው የታችኛው ክፍል ደምን ወደ መላው ሰውነት ይገፋል፣ የቀኙ ወደ ሳንባ ብቻ። ስለዚህ የግራው ግድግዳ ወፍራም ነው። ስም የሌለበት ሥዕል ሲሰጡሽ መጀመሪያ ወፍራሙን ግድግዳ ፈልጊ። እሱን ካገኘሽ ግራው ተገኘ፣ ሌላውን እየተናገርሽ ትሞይዋለሽ። አይዞሽ።

ነርስ ልሆን ነኝ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ገጹን ደረቴ ላይ ለጥፌ መስታወት ፊት ቆምኩ። እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ቀኝና ግራው አሁን ገባኝ። ወፍራሙን ግድግዳም ሁለት ሌላ ሥዕል ላይ ሞከርኩት፣ ወዲያው አገኘሁት።

ትናንት ከጓደኛዬ ጋር አዲስ ነገር ጀመርን። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ የምለውን ብቻ ትስላለች፣ ከራሷ አትጨምርም። «ኦክስጅን ይዞ ወደ ግራው የላይኛው ይመለሳል» ስል እርሳሷን አቆመች።

«በስንት ቧንቧ ነው የሚመለሰው? ስንት ልሳል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። መጽሐፉን ገልጠን አየን። ብዙውን ጊዜ 4 ናቸው፣ ከእያንዳንዱ ሳንባ ሁለት ሁለት። ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜም ነበሩ፣ እኔ ግን ቆጥሬያቸው አላውቅም።

ዛሬ ማታ ተራው የእሷ ነው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እስላለሁ።